ገመድ አልባዋ ትራፓኖ እና የአሳይታ ግድግዳ

ሰላም አሁንም "ቲቸር" የምትሉኝ፣ ግን አብዛኞቻችሁ ከእኔ የተሻለ ደሞዝ የምትበሉ የድሮ ተማሪዎቼ።

ዛሬ ስለ አውሳ ሱልጣኔትም ስለ ዓድዋም አይደለም የምጽፈው። ስለ ትራፓኖ ነው። አትሳቁ! የታሪክ አስተማሪ ችግሩ ይሄው ነው፤ እጁ የገባውን ዕቃ ሁሉ "አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?" ሳይል አያስቀምጥም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሁለቱን እያቀላቀልኩ እንዳላሳስታችሁ።)

ነገሩ የተጀመረው በአጎበር ነው። ሁለተኛዋ ልጃችን ከተወለደች ገና ሦስት ወሯ ነው። አዋሽ ሞልቶ ሲጎድልና ውሃው በየቦዩ ሲተኛ ወባ አሳይታ ላይ ምን እንደምታደርግ እዚህ የኖረ ያውቃል። ለሕፃኗ አልጋ አጎበር መስቀል ነበረብኝ። አራት ቀዳዳ ነው የሚያስፈልገኝ፤ አራት ብቻ። ግድግዳው ግን ብሎኬት ነው። ምስማር ብትመቱበት ወይ ይጎብጣል ወይ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ከጎረቤት ባለ ገመድ ትራፓኖ ተዋስኩ። ማራዘሚያ ከሳሎን ጎትቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ሁለተኛውን ቀዳዳ ግማሽ እንዳደረስኩ መብራት ሄደ። ፑንታው ግድግዳ ውስጥ እንደተነከሰ፣ እኔ ወንበር ላይ እንደቆምኩ፣ ባለቤቴ ልጅ ታቅፋ ከታች ታየኛለች። ምንም አላለችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት አጎበሩን በአንድ በኩል ከመስኮቱ ብረት፣ በሌላ በኩል ከወንበር ጀርባ ጋር አስረን አደርን።

የራሴ ባለ ባትሪ ትራፓኖ ነበረችኝ እኮ። ከሁለት ዓመት በፊት የግማሽ ወር ደሞዜን ከፍዬባት፣ አሁን ሞታ አልጋ ሥር ተኝታለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። ትራፓኖ ጣልያንኛ ነው። ጋራዥና አናጢ ቤት ግቡና ጆሯችሁን ክፈቱ፤ ፑንታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ላሜራ፣ ሁሉም ከዚያው ነው። ጣልያን በአምስት ዓመት ወረራው ከኮምቦልቻ በእኛው በአፋር በረሃ አድርጎ እስከ አሰብ መንገድ ዘረጋ። ተባርሮ ሲሄድ መንገዱም ቃላቱም ቀሩ። ጣልያኖቹ ደግሞ ቃሉን ያገኙት ከግሪክ ነው፤ ግሪኮች መሰርሰሪያን "ትሪፓኖን" ይሉ ነበር። ከዚሁ ቃል የወጣ ሌላ ስም እዚህ አገር በደንብ እናውቃለን። ከብትን በገንዲ የሚገድለው፣ ግመልንም የማይምረው "ትሪፓኖሶማ" የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ስሙ "ሰርሳሪ አካል" እንደማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ፑንታ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ነው እንዲያ ያሉት። ስለዚህ ግመል አርቢው ጎረቤቴ ትራፓኖን ከእኔ በፊት ነው የሚያውቃት፤ ያውም በክፉ።

ወደ ኋላ እንሂድ። በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ጎና ላይ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁሌም ኩራት ኩራት ይለኛል፤ መፍለጥና መቁረጥ የተጀመረው እኛ ሰፈር ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ። መብሳት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለመቁረጥ አንድ ጊዜ መምታት ይበቃል። ለመብሳት አንዱን ነጥብ ሳትለቁ ደጋግማችሁ ማሽከርከር አለባችሁ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። በምሥራቅ አፍሪካ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ፣ መሃላቸው የተበሳ ዶቃዎች የተገኙት ከ50,000 ዓመት ወዲህ ካለው ዘመን ነው። አስቡት፤ ከጎናው ስለታም ድንጋይ እስከዚች ትንሽ ቀዳዳ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት!

ከዚያ በኋላ ሰው ብልሃት አገኘ። ዘንጉን በመዳፍ ከማሽከርከር ይልቅ የደጋን ጠፍር ጠምጥሞበት ደጋኑን ወዲያና ወዲህ መግፋት። በጥንታዊ ግብፅ፣ ሬክሚሬ በተባለው ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ አናጢዎችና ዶቃ ሠሪዎች በዚህ ዓይነት መሰርሰሪያ ሲሠሩ ተስለዋል፤ ሥዕሉ ከ3,400 ዓመት በላይ ነው። የሚገርመው ግን ፓኪስታን ውስጥ ሜህርጋር በሚባል ቦታ የተገኘው ነው። ከ7,500 እስከ 9,000 ዓመት ዕድሜ ባለው መቃብር የዘጠኝ ሰዎች አሥራ አንድ መንጋጋ ጥርሶች በድንጋይ ፑንታ ተሰርስረው ተገኙ። ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ነው የተሰረሰሩት። ማደንዘዣ ሳይኖር! የጥርስ ሐኪም የምትፈሩ እስቲ አሁን አማሩ።

እኔ በልጅነቴ ያየሁት መሰርሰሪያ ከዚያ ብዙም አይርቅም። አባቴ ባቲ ውስጥ አናጢ ነበር። ጫፉ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ፣ ራሱ ላይ አግድም እጀታ የገባበት ብረት ነበረው፤ በሁለት እጅ ይዞ፣ በደረቱ ተጭኖ፣ እያቃሰተ ያዞረዋል። ሰኞ ገበያ የደረሰ አልጋ ካለበት እኔም አዞር ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ሲመጣ በመሮ ቀዳዳ ቆፍሮ የእንጨት ሽብልቅ ይመታበታል፤ ምስማሩ የሚይዘው ሽብልቁን ነው። ዛሬ ሱቅ ገብተን "ፊሸር ስጠኝ" የምንለው ትንሽ ፕላስቲክ የዚያ ሽብልቅ ምትክ ነው። ፊሸር የሰው ስም ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 ነው ይህችን የናይለን ሽብልቅ የሠራት። ከ1,100 በላይ ፈጠራ አስመዝግቦ፣ 96 ዓመት ኖሮ፣ በ2016 አረፈ። አሳይታ ውስጥ በየቀኑ ስሙ ይጠራል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም።

አሳይታ ተመድቤ ስመጣ የገረመኝ ደግሞ ዓሪ ነው፤ የአፋር ቤት። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የጎበጡ እንጨቶች ይተከላሉ፣ ይታሰራሉ፣ ላዩ በዘንባባ ሰሌን ይለብሳል። መንገድ ሲነሱ ይፈታና ግመል ላይ ይጫናል። አንድ ምስማር የለበትም፣ አንድ ቀዳዳ የለበትም፤ ሁሉም በማሰር ነው። እዚያ ውስጥ ቢሆን አጎበሩን አንዱ እንጨት ላይ ቋጥሮ መተኛት ነበር። እኛ የብሎኬት ሰዎች ነን ጣጣ ያመጣነው። እነዚህ ሴቶች የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ፤ ዕቃ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ክብደቱን ነው። ከራሳቸው ጋር የሚንቀሳቀስ ነው የሚገዙት። ይህንን ብልሃት ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ግማሽ ደሞዜ ይተርፍ ነበር።

እሺ፣ ኤሌክትሪክ መጣ። በ1889 አርኖት እና ብሬን የተባሉ ሁለት ሰዎች አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አስመዘገቡ። በ1895 የጀርመኑ ፋይን ኩባንያ ሰው በእጁ ተሸክሞ የሚሠራበትን አወጣ። ሰው በእጁ ተሸክሞ ሲባል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በሁለት እጅ ተይዞ፣ እንደ አባቴ መሰርሰሪያ በደረት እየተገፋ ነው። ከዚያ ብላክ እና ዴከር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መጡ። በ1910 ባልቲሞር ውስጥ ትንሽ ድርጅት ከፈቱ፤ በ1917 እጀታው እንደ ሽጉጥ የሆነ፣ በጣት የሚሳብ ማብሪያ ያለው መሰርሰሪያ የፈጠራ መብት አገኙበት። ሐሳቡን የሰጣቸው የኮልት ሽጉጥ ነው ይባላል። ትልቋ ልጄ "አባዬ ትራፓኖ ለምን ሽጉጥ ይመስላል?" ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ መልሱ ይሄ ነው። ሽጉጥን አይቶ የግድግዳ መብሻ ያሰበ ሰው ግን እኔ አከብረዋለሁ።

ገመዱ ግን አለ። ኤሌክትሪክ ክንድን አሳረፈና ሰውየውን ሶኬት ላይ አሰረው፤ ልክ እንደታሰረ ግመል ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ነው የሚሄደው። ሶኬት ካለ ነው ደግሞ። በእኛ አገር ቆቃ በ1960፣ አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971 ሥራ ጀመሩ፤ ቆቃ 43 ሜጋዋት፣ ሁለቱ ደግሞ 32 32። ወንዙ ያው በአሳይታ ጥግ የሚያልፈው አዋሽ ነው። ላይ ላዩን ተርባይን አዙሮ፣ ሸንኮራና ጥጥ አጠጥቶ፣ ደክሞት እኛ ጋ ይደርስና አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። መብራቱ ግን እንደ ወንዙ ሁልጊዜ አይደርሰንም። ይቅር፣ ይሄን ሌላ ቀን።

ገመዱን የቆረጠው ባትሪ ነው። ኒኬል ካድሚየም የሚባለውን ባትሪ ስዊድናዊው ዋልደማር ዩንግነር በ1899 ነበር የሠራው፤ መሰርሰሪያ ውስጥ የገባው ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1961 ብላክ ኤንድ ዴከር የመጀመሪያዋን ገመድ አልባ መሰርሰሪያ ሸጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም፤ "ገመድ አልባ ትራፓኖን ናሳ ለጨረቃ ብሎ ነው የፈጠረው" የሚል ወሬ በየቦታው ይዞራል፣ ራሴም ክፍል ውስጥ ተናግሬው አውቃለሁ። ያኔ የተማራችሁ ይቅርታ! ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው። መሰርሰሪያዋ ቀድማ ነበረች፤ ናሳ ነው ዕውቀቱን ፈልጎ የመጣው። በ1971 የአፖሎ 15 መሪ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ በባትሪ መሰርሰሪያ ጉድጓድ ሊቆፍር ሞከረ። ሦስት ሜትር ገደማ ነበር ዕቅዱ፤ ፑንታው ጠጣር አፈር ውስጥ ተነክሶ እምቢ አለው። አፈር ይዞ የወጣውን ቱቦ ለመንቀልም ከጓደኛው ከጄምስ አርዊን ጋር በትከሻቸው እየገፉ ነው የተገላገሉት። ወንበር ላይ ቆሜ የተነከሰ ፑንታ ስጎትት ይሄ ታሪክ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ። ባለቤቴ አልሳቀችም።

ጃፓኖቹም አልተኙም። ማኪታ በ1969 ዳግም የሚሞላ መሰርሰሪያ አወጣ፤ በ1978 ደግሞ 7.2 ቮልት የምትሠራ፣ ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ያላት። ያ ባትሪ ግን ከባድ ነው፣ ቶሎ ይደክማል፣ ካድሚየሙም መርዝ ነው። እውነተኛው ለውጥ ሊቲየም ነው። ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ ጀመረው፣ ጉድኢናፍ በ1980 አሻሻለው፣ ዮሺኖ በ1985 ለአገልግሎት የሚበቃ አደረገው፣ ሶኒ በ1991 ገበያ አወጣው። ሦስቱ በ2019 የኖቤል ሽልማት ሲወስዱ ጉድኢናፍ 97 ዓመቱ ነበር። ጡረታ መቼ ነው የምንወጣው የምትሉ መምህራን ልብ በሉ። በ2003 ቦሽ በዚሁ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ የብሎን ማጥበቂያ፣ በ2005 ሚልዋኪ ትልልቅ መሣሪያዎችን አወጡ። ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ግድግዳ መብሳት ጀመረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሟቿ ትራፓኖዬ። ስገዛት ያየሁት ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን "48 ቮልት" ነው። ከ12 ይልቅ 48 አይሻልም? የታሪክ አስተማሪ ሒሳብ! ከነባትሪዋ ከሁለት ኪሎ በላይ ትመዝናለች። መሬት ላይ ምንም አይደለም፤ ወንበር ላይ ወጥታችሁ ከራስ በላይ ይዛችሁ አሥር ደቂቃ ስትቆሙ ግን ክንድ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፊሸሩ ይላላል። በዓመቷ ባትሪው መያዝ አቆመ። ምትክ ፈለግኩ፤ የዚያ ዓይነት ባትሪ ለብቻው የሚሸጥ አጣሁ።

ሰመራ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጥም የድሮ ተማሪዬ አለ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ይተኛ የነበረ ልጅ ነው፣ እሱም ያውቃል፣ ያነበዋል። ሟቿን ይዤለት ሄድኩ። ባትሪዋን ፈታና አሳየኝ፤ ውስጧ አምስት ሴል። "ቲቸር፣ አንድ ሴል 3.6 ቮልት ነው። ሲባዛ በአምስት?" አለኝ። አሥራ ስምንት። ገና ቻርጅ ስትደረግ ሃያ አንድ ይደርሳል። ስለዚህ 18፣ 20፣ 21 ተብለው የሚሸጡት በአብዛኛው ያው አምስት ሴል ናቸው። 48ቱ ሳጥኑ ላይ ብቻ የነበረ ቁጥር ነው። 12 የሚባሉት ደግሞ ሦስት ሴል፣ በትክክለኛው 10.8። "ለቤት እኮ ይቺ ትበቃሃለች" ብሎ የራሱን ትንሿን ሰጠኝ፤ ከነባትሪዋ አንድ ኪሎ ብታክል ነው። በአንድ እጅ ከራሴ በላይ አነሳኋት። ሁለተኛው እጄ ሥራ ፈታ።

እኔ ሞተር ነበር የምገዛ የመሰለኝ። እሱ እንዳስረዳኝ ለካ የሚገዛው ባትሪ ነው፤ ሞተሩ ዕድሜ አለው፣ ባትሪው ግን ቀድሞ ይሞታል። ስለዚህ ባለሱቁን መጀመሪያ "የዚህች ባትሪ ለብቻው አለህ? ቻርጀሩስ?" በሉት። ከሌለው ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተሰናበቱት። ሁለት ባትሪ ያላት ከአንድ ትልቅ ባትሪ ትሻላለች፤ አንዷ ስትሠራ አንዷ ትሞላለች፣ መብራትም ቢሄድ አትቆሙም። ካርቦን የሌለው ሞተር ያላት ውድ ናት፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ያዋጣል፣ በዓመት ሃያ ቀዳዳ ለሚበሳ መምህር ግን ግዴታ አይደለም። አፏ 10 ሚሊሜትር ፑንታ ከያዘ ለቤት በቂ ነው። አንገቷ ላይ ቁጥር ያለው የሚዞር ቀለበት መኖሩን እዩ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው፣ የሌላት ትራፓኖ የቁምሳጥን ማጠፊያ ስታጠብቁ እንጨቱን ትሰነጥቃለች። ለብሎኬት ደግሞ የምትመታ፣ የመዶሻ ምልክት ያለባት ትሁን። ኮለን ላይ ግን አትሞክሩ። ያ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ከባዱን ተዋሱ።

ከሁሉ በላይ ግን አሳይታ ላይ ያለው ጠላት ሙቀት ነው፤ የትኛውም ሳጥን ላይ አልተጻፈም። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እያለ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ብዙዎቹ አምራቾች እንዲያውም 40 ይላሉ። እኛ ጋ ሙቀቱ ሲበረታ ቀን ጥላ ሥር ራሱ 40 ያልፋል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርማ አትጠይቁኝ። ጥሩ ቻርጀር ባትሪው ሲሞቅ "አልሞላም" ብሎ ይጠብቃል። የእኔ ሟች ቻርጀር እንዲያ ዓይነት ጨዋነት አልነበረውም፤ ከቀትር በኋላ ሠርቼ፣ እንደጋለ ሰክቼ፣ ማታ ስመለስ እነቅል ነበር። ገዳዩ እኔ ነኝ በአጭሩ። አሁን የምሞላው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከሠራሁ በኋላም አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ አሳርፌ ነው የምሰካት። ለወራት የማልነካት ከሆነ ሙሉ አድርጌ አላስቀምጣትም፣ ባዶም አላደርጋትም፤ ግማሽ።

ደሞዝ እንደወጣ አንዲት ትንሽ፣ ባለ 12፣ ሁለት ባትሪ ያላት ገዛሁ። ባለፈው እሑድ ጠዋት በ6 ሚሊሜትር ፑንታ አራቱንም ቀዳዳ ጨረስኩ። አራተኛው ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል፤ አጎበሩ እዚያ ጥግ ላይ ይንጋደዳል። ባለቤቴ ተኝታ ስታየው ወደ ቀኝ ነው የሄደው ትላለች። ልጅቷ ግን ሥሩ ተኝታለች፤ ትንኟ ከውጭ ስትጮህ እሰማታለሁ።

ባለ ገመዷን ያዋሰኝ ጎረቤቴ ዛሬ ማታ መጣ። ለዓሣ ማድረቂያ የሚሆን እንጨት መብሳት ፈልጎ፣ ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ፣ ሶኬት የሌለበት ነው። አነሳት፣ ገለበጣት፣ በመዳፉ መዘናት።

"ይቺ ናት?" አለ። "የቀረውስ የታለ?"